ከዲሲ ሲያትል፦ መኪናውን ነድቶ መሄድ ወይስ አስጭኖ መላክ?

ሥራ ያገኘ፣ ዘመድ የጠራው ወይም የቤት ኪራይ ያማረረው ሰው ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለቆ ወደ ሲያትል፣ ዳላስ ወይም ላስ ቬጋስ ለመሄድ ሲቆርጥ ዕቃው ብዙም አያስጨንቀውም። ሶፋው ይሸጣል ወይም ለሰው ይሰጣል። ድስቱና ጀበናው በካርቶን ይታሸጋል። የሚያከራክረው መኪናው ነው። አንዱ ጓደኛ «ሁለት ሆነን እየተቀያየርን በሦስት ቀን እንገባለን» ይላል። ሌላው «አስጭነውና አንተ በፕሌን ሂድ» ይላል። ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ችግሩ፣ ብዙ ሰው ሲወስን የሚያሰላው የቤንዚኑን ዋጋ ብቻ ነው። እኔ ከሁሉም በፊት መታየት ያለበት መንገዱ የሚፈጀው ቀንና የሚነዳው ሰው ነው ባይ ነኝ።

ከባዱን ምሳሌ እንያዝ። ከዲሲ ሲያትል ወደ 2,750 ማይል ነው፤ ከ4,400 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ሦስት ጊዜ ደርሶ ለመመለስ ትንሽ ነው የሚጎድለው። መኪናው በሃይዌይ በጋሎን 30 ማይል የሚሄድ ካምሪ ነው እንበል። ወደ 92 ጋሎን ይጠጣል። ጋሎኑን በ3 ዶላር ከ50 ብንይዘው 320 ዶላር ገደማ ይመጣል። ብዙ ሰው ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆምና «በ320 ዶላር መሄድ እየቻልኩ ለምን 1,500 እከፍላለሁ?» ይላል።

የቀረውን እንደምረው። በቀን 550 ማይል ቢነዳ መንገዱ አምስት ቀን ይፈጃል። አራት ሌሊት ሞቴል፣ አንዱን በ100 ዶላር ብንይዝ 400 ነው። ምግብና ቡና በቀን 50 ቢሆን 250። የፔንሲልቫኒያ፣ የኦሃዮ፣ የኢንዲያናና የቺካጎ አካባቢ የክፍያ መንገዶች 60 ገደማ ይያዝላቸው። ከዚያ በኪስ ወዲያው የማይሰማው ወጪ አለ፦ የጎማው መበላት፣ ዘይቱ፣ ፍሬኑ፣ ማይሉ በጨመረ ቁጥር የሚወርደው የመኪናው ዋጋ። የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት አይአርኤስ በ2025 ለሥራ ለሚነዳ መኪና የያዘው ሂሳብ በማይል 70 ሳንቲም ነው። ይህ ቤንዚንንና ኢንሹራንስን ጭምር የያዘ ስለሆነ ሙሉውን አንወስደውም። ለመኪናው ድካም ብቻ በማይል 12 ሳንቲም ብንመድብ 330 ዶላር ነው። ድምሩ 1,360 ዶላር ገባ።

ይህ ሁሉ ታዲያ የሥራ ቀኑን ሳንነካ ነው። በሰዓት 22 ዶላር የሚከፈለው ሰው አምስት ቀን ከሥራ ሲቀር 880 ዶላር ያጣል። ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዳም እንዲሁ ነው፤ ያልሠራበት ቀን ያልተከፈለበት ቀን ነው። በዚህ ስሌት መንዳት ከ2,200 ዶላር በላይ ሆነ። የድሮውን ሥራ ለቆ አዲሱን ገና ላልጀመረ ሰው ግን ይህ ቁጥር ዜሮ ነው። ለዚህ ነው የጓደኛችሁ ስሌት ለእናንተ የማይሠራው።

በማስጫን በኩል ያለው ሂሳብ አጭር ነው። ከምሥራቅ ዳር እስከ ምዕራብ ዳር፣ ክፍት ትራክ ላይ፣ መካከለኛ መኪና ብዙ ጊዜ ከ1,300 እስከ 1,800 ዶላር ይጠየቅበታል። ወቅቱና የመኪናው ስፋት ይወስኑታል። 1,500 ይሁንና 200 ለአውሮፕላን ቲኬት፣ 150 ደግሞ መኪናው እስኪደርስ ለኡበር እንያዝ። 1,850 ዶላር። እንግዲህ ብቻውን የሚሄድና ደሞዙ የሚቋረጥበት ሰው ቢያስጭን ያተርፋል። ብቻውን ሆኖ ጊዜ ያለው ሰው ቢነዳ 500 ዶላር ገደማ ይተርፈዋል። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ከሆኑ አራት ቲኬት ይመጣና ሚዛኑ እንደገና ወደ መንዳት ያዘነብላል፤ የልጆቹ ዕድሜ አምስት ቀን መኪና ውስጥ መቀመጥን የሚችል ከሆነ።

ርቀቱ ሲያጥር ክርክሩም ያጥራል። የማስጫን ዋጋ በማይል ሲታይ መንገዱ ባጠረ ቁጥር ይወደዳል፤ ትራኩ ለ600 ማይልም ለ2,700 ማይልም መጫኑና ማውረዱ ያው ነውና። ከዲሲ አትላንታ 640 ማይል ገደማ ነው። በጠዋት ተነስቶ ማታ መግባት ይቻላል፤ ንዱት። ዳላስ 1,330 ማይል ገደማ ነው፤ ሁለት ሙሉ ቀንና አንድ ሌሊት። ጤነኛ መኪናና ጤነኛ ሹፌር ካለ እኔ እሱንም እንዲነዱት ነው የምመክረው። ከ1,500 ማይል ሲያልፍ ነው ማስጫን በቁም ነገር ሊታሰብ የሚገባው።

ወደ ፍሎሪዳ ለሚሄድ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ሦስተኛ መንገድ አለ። ከአሌክሳንድሪያ ብዙም ከማይርቀው ከሎርተን፣ ቨርጂኒያ የሚነሳ የአምትራክ ባቡር አለ። አውቶ ትሬን ይባላል። መኪናችሁን ባቡሩ ይጭነዋል፣ እናንተም እዚያው ባቡር ውስጥ ትሳፈራላችሁ። ከሰዓት በኋላ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት ኦርላንዶ አጠገብ ሳንፎርድ ይደርሳል። ኢንተርስቴት 95ን ሌሊቱን ሙሉ ከመታገል ይሻላል፤ ቀደም ብሎ የቆረጠ ሰው ዋጋውም ይቀለዋል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። «ሁለት ሆነን እየተቀያየርን» የሚለው ዕቅድ ሲያወሩት ደስ ይላል። ሆቴል ይቀራል፣ 400 ዶላር ይተርፋል፣ ጨዋታው አለ። መኪናው ውስጥ የሚሆነውን ግን እናስበው። አንዱ ሲነዳ ሌላው መተኛት አለበት። ኋላው በካርቶን ስለተሞላ ወንበሩ አይዘረጋም። የተቃራኒ መኪና መብራት ዓይኑ ላይ ይመጣል። ሹፌሩ እንቅልፍ እንዳይጥለው ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል። የተኛ የሚመስለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያነጋው። ሁለተኛው ሌሊት ላይ፣ ሳውዝ ዳኮታ ወይም ሞንታና ሲደርሱ፣ መኪናው ውስጥ ያሉት ሁለቱም ያልተኙ ሰዎች ናቸው። እዚያ ኢንተርስቴት 90 ጨለማ ነው፣ የፍጥነት ወሰኑ 80 ማይል ነው፣ አጋዘን መንገድ ያቋርጣል። ቀጣዩ ከተማ ሩቅ ነው።

የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ እንደሚለው 24 ሰዓት ያልተኛ ሰው ሁኔታ በደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይመሳሰላል። የአብዛኛው ስቴት ሕግ የሚፈቅደው ከ0.08 በታች ብቻ ነው። 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ እንኳ 0.05 እንዳለበት ሰው ነው። ማስቲካ ማኘክ፣ መስኮት መክፈት፣ ቡና መደራረብ ለጥቂት ደቂቃ ነው። እንቅልፍ የሚተካው በእንቅልፍ ብቻ ነው። ሥራቸው መንዳት የሆነው የትልልቅ ትራክ ሹፌሮች እንኳ በፌዴራል ሕግ 11 ሰዓት ከነዱ በኋላ እንደገና ለመንዳት አሥር ሰዓት ማረፍ ግዴታቸው ነው። እኛ በምን ተሻልን?

ስለዚህ ከነዳችሁ በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ አትንዱ። ሳይመሽ ሞቴል ግቡ። የሌሊት ሺፍት ጨርሳችሁ በዚያው ጠዋት አትነሱ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፣ እባካችሁ ተዉት። ይህን ዕረፍት ለመስጠት ቀኑ ወይም ገንዘቡ ካልበቃ መንዳቱ አልተቻለም ማለት ነው። ያኔ ማስጫኑ ውድ ቢሆንም ትክክለኛው ዋጋ እሱ ነው።

ወቅቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት በሰሜን በኩል መሄድ ያስፈራል። ሲያትል ከመግባታችሁ በፊት የስኖኳልሚ ፓስ ተራራ አለ፤ በረዶ ሲበረታ ያለ ሰንሰለት አያሳልፉም፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይዘጋል። በዋዮሚንግ የሚያልፈው ኢንተርስቴት 80 በነፋስና በበረዶ ይዘጋል። በኮሎራዶ ኢንተርስቴት 70 ላይ፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከመስከረም 1 እስከ ግንቦት 31 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት መያዝ ሕግ ነው። ሜሪላንድ በረዶ ላይ ነድቻለሁ ብሎ መተማመን አይበቃም። ክረምት ላይ የግድ መንዳት ካለባችሁ በደቡብ በኢንተርስቴት 40 ዞሮ መሄዱ ማይሉን ቢጨምርም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ለሲያትል ግን ዞሮ ዞሮ መጨረሻው ተራራ ነው።

መኪናው ራሱ የሚወስነው ጊዜም አለ። መኪናውን በሊዝ፣ ማለትም በረጅም ጊዜ ኪራይ፣ የያዛችሁ ውላችሁን አውጡና እዩ። በዓመት የተፈቀደላችሁ ማይል፣ 10,000 ይሁን 12,000፣ ከሞላ ለእያንዳንዱ ትርፍ ማይል ትከፍላላችሁ። በማይል 25 ሳንቲም ቢሆን የሲያትል መንገድ ብቻውን 690 ዶላር ገደማ ይጨምራል፤ ያኔ ማስጫን ይረክሳል። በተቃራኒው 3,000 ዶላር የማያወጣ አሮጌ መኪና ከሆነ 1,500 ከፍሎ ማስጫን አያዋጣም። እዚሁ ሽጡትና እዚያ ሌላ ግዙ፤ ስታሰሉ ግን እዚያ ስትገዙ የምትከፍሉትን የሽያጭ ታክስ አትርሱ። ሲያትል ላይ ከ10 በመቶ በላይ ነው። መኪናው ኡበር የምትሠሩበት ከሆነ ደግሞ አዲሱ ከተማ የመኪናውን ዕድሜ ይቀበለው እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። ሁለት መኪና ያለው ቤተሰብ ጤነኛውንና ቤንዚን የማይበላውን ነድቶ ሌላውን ቢያስጭን ጥሩ ነው። ሁለት መኪና ተከታትሎ መንዳት ሁለት የደከመ ሹፌር መንገድ ላይ ማውጣት ነው።

ማስጫን የወሰናችሁ እንደሆነ ገበያው እንዴት እንደሚሠራ መረዳት አለባችሁ፤ አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው። ኢንተርኔት ላይ ዋጋ ለመጠየቅ ስልካችሁን ስታስገቡ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ትራክ ላለው ድርጅት ሳይሆን ለደላሎች ነው። ብሮከር ይባላሉ። ቁጥራችሁ ለብዙ ብሮከሮች ይከፋፈልና ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ለዋጋ ማነጻጸሪያ የተለየ ኢሜይል ተጠቀሙ፣ ስልክ ግዴታ ካልሆነ አትስጡ።

ብሮከሩ ከእናንተ ጋር ሲስማማ መኪናችሁን የትራክ ባለቤቶች በሚያዩት ሰሌዳ ላይ ያወጣዋል፦ «ካምሪ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲያትል፣ ይህን ያህል ይከፈላል» ብሎ። ስምንት ወይም ዘጠኝ መኪና የሚጭነው ባለ ትራክ ሰሌዳውን አይቶ የተሻለ የሚከፍለውን ያነሳል። ስለዚህ 900 ዶላር ብሎ ያስፈረማችሁ ብሮከር የሰጣችሁ ዋጋ ሳይሆን ምኞት ነው። መኪናችሁ ሰሌዳው ላይ ይውላል፣ ያድራል፣ ማንም አያነሳውም። የቤት ኪራይ ውላችሁ የሚያልቅበት ቀን ሲደርስ ስልክ ይደወላል፦ «ሹፌር አላገኘንም፣ 400 ጨምሩ»። ያኔ ምርጫ የላችሁም። አራት አምስት ዋጋ ሰብስቡና ከሌሎቹ በጣም የወረደውን ጣሉት። ቢያንስ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ጀምሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በመጨረሻው ሳምንት የተያዘ ትራክ ነው ብዙውን ጊዜ ሳይመጣ የሚቀረው።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። በአሜሪካ ከስቴት ስቴት የሚጭን ድርጅት ሁሉ በፌዴራሉ የትራክ ተቆጣጣሪ፣ በኤፍኤምሲኤስኤ፣ የተሰጠው የዶት ቁጥር የሚባል መለያ አለው። ብሮከሩም መመዝገብና የ75,000 ዶላር ዋስትና ማስያዝ አለበት። ቁጥሩን ጠይቁና ሴፈር በሚባለው የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ፈልጉት። ፈቃዱ ይሠራል ወይ? የተመዘገበው ለብሮከርነት ነው ወይስ ለማጓጓዝ? ስሙና አድራሻው በስልክ ከነገሯችሁ ጋር ይገጥማል ወይ? መኪናውን የሚያነሳው ትራክ ሲታወቅም የእሱን ቁጥር ለብቻው ተመልከቱ፣ የጭነት ኢንሹራንሱን ሰርተፊኬት ላኩልኝ በሉ። ጉዳት ቢደርስ በሕግ የሚጠየቀው በመጀመሪያ ደረጃ ትራኩ ነው እንጂ ደላላው አይደለም።

ክፍያው ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። የብሮከሩ ድርሻ ትራክ ሲገኝ ይቆረጣል፤ ይህን በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ ቢበላሽ መከራከር ይቻላል። የቀረው መኪናው ሲደርስ ለሹፌሩ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ቼክ ይሰጣል። ሹፌር ሳይመደብ ሙሉውን አሁን በስልክ ገንዘብ መላኪያው በዜል ላኩ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

የጭነቱ ቀን ትልቁ ትራክ ጠባብ መንገድና ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አይገባም። ሹፌሩ ሰፊ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ላይ ኑ ይላችኋል፤ የተለመደ ነው። መኪናውን አጥባችሁ ውሰዱት፤ በአቧራ የተሸፈነ መኪና ላይ የድሮ ጭረት አይታይም። በቀን ብርሃን ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ፦ ጣሪያውን፣ የአራቱን ጎማ ቸርኬ፣ መስታወቱን፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ማይል። ታንኩ ሩብ ያህል ቤንዚን ይበቃዋል። የመንገድ ክፍያ የሚቆርጠውን ኢዚፓስ ከመስታወቱ ላይ አንሱ፤ ከተረሳ ትራክ ላይ ተጭኖ እያለ በየክፍያ ጣቢያው ሊቆርጥባችሁ ይችላል። የመኪናውን የባለቤትነት ወረቀት (ታይትሉን)፣ ፓስፖርት፣ የልጆች የልደት ወረቀት መኪናው ውስጥ አትተዉ። ዕቃ መጫንን በተመለከተ አንዳንዱ ሹፌር ሻንጣ ቦታው ላይ እስከ 100 ፓውንድ ይፈቅዳል፤ ቢጠፋ ግን የመኪናው ኢንሹራንስ ዕቃውን አይሸፍንም።

ከዚያ ሹፌሩ ወረቀት ወይም ታብሌት ይዞ ይዞራል። ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚባለው የጭነት ደረሰኝ ነው። የመኪና ሥዕል አለበት፤ ያለውን ጭረትና ጉድጓድ እያየ ምልክት ያደርግበታል። አብራችሁ ዙሩ። የሌለ ጭረት ከጻፈ እዚያው አስተካክሉ። ፈርሙ፣ ቅጂውን ያዙ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ስጡት።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ነው። ትራኩ በመንገዱ ላይ መኪና ያወርዳል፣ ይጭናል። ከዳር እስከ ዳር ብዙ ጊዜ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይፈጃል። የማንሻው ቀንም ጥቂት ቀን ወዲህ ወዲያ ስለሚል ሁለት ሳምንት ያለ መኪና መቆየትን አስቀድማችሁ ተዘጋጁበት። እናንተ በፕሌን ስትሄዱ ደግሞ ከግንቦት 2025 ጀምሮ የኤርፖርት ፍተሻው ሪል አይዲ ወይም እንደ ፓስፖርት ያለ ሌላ ተቀባይነት ያለው መታወቂያ ይጠይቃልና መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ኮከቡ መኖሩን እዩ።

ሲደርስ ሹፌሩ ይቸኩላል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ዝናብ ሊሆን ይችላል፣ ሲያትል ነው። «ፈርምልኝና ልሂድ» ይላል። አትፈርሙ። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ጣሪያውን፣ ባምፐሩን ከሥር፣ መስታወቱን እዩ። ከላይ ከተጫነው መኪና ዘይት ተንጠባጥቦ ሊሆን ይችላል። የሰጣችሁበትን ማይል ከአሁኑ ጋር አስተያዩ። አዲስ ጉዳት ካገኛችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱ ላይ አጽፉ፣ ፎቶ አንሱ። የጉዳት ጥያቄ ለማቅረብ ሕጉ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ይሰጣል፤ ንጹሕ ነው ብላችሁ ከፈረማችሁ ግን መከራከሩ በጣም ይከብዳል።

ነድታችሁም ገባችሁ አስጭናችሁ፣ ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን ስቴት ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ መኪናውን እንድታስመዘግቡና መንጃ ፈቃድ እንድትቀይሩ ይጠይቃል። ቴክሳስም ለመኪናው 30 ቀን ነው የሚሰጠው፣ ከሌላ ስቴት ያመጣችሁት መኪና ላይ 90 ዶላር የአዲስ ነዋሪ ታክስ አለ። የለቀቃችሁትን ስቴትም አትርሱ። ቨርጂኒያ የነበራችሁ የካውንቲው የመኪና ታክስ እንዳይቀጥልባችሁ መልቀቃችሁን ለካውንቲው ንገሩ። ሜሪላንድ ከሆነ የድሮውን ኢንሹራንስ ከመሰረዛችሁ በፊት ታርጋውን መልሱ። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ተብሎ ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጠራል፤ ደብዳቤው ደግሞ የሚሄደው ወደ ለቀቃችሁት ቤት ነው።